አሜን ያላለው አንባቢ

የተከበሩ አባታችን፤ የተከበሩ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፤ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች፤ እህቶቼ የስፌት ቤት ሴቶች፤ ጎረቤቶች፤ ወዳችሁትም ሆነ ታዝባችሁት እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፤ ስለመጣችሁ ክብረት ይስጥልኝ።

ድምፄ ትንሽ ነው። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ይህን ነገር ሁለት ጊዜ ለመናገር አቅም የለኝም።

የምትጠብቁትን አውቃለሁ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ገመዱ ተዘርግቷል። ሳጥኑ ግን ሁለት አግዳሚ እንጨት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚጠብቀው የእኔን አፍ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ይህ መሬት የጸሎት ቤታችን ነው። የሟች አባትና እናት እዚህ ነው ያረፉት፤ ይህ ጉድጓድም የተቆፈረው ከእናቱ ጎን ነው። የእኔም ባል፣ ያውላችሁ፣ ከግንቡ ሥር ተኝቷል። ከማኅበሩ ርቆ የኖረ ሰው እዚህ የሚገባበት ደንብ አለን። በመጨረሻዋ ሰዓት አጠገቡ የነበረ ሰው በጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ «ተመልሷል» ብሎ ይመሰክራል። ምስክር ከሌለ ከግንቡ ውጭ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለውን ስትመጡ አይታችሁታል። የድንጋይ ክምርና የመኪና መንገድ ነው።

በመጨረሻዋ ሰዓት አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ቤቴ መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«እህቴ፣ አንድ ቃል ነው» አሉኝ። «ተመልሷል በይ።»

«ያላየሁትን ጋሼ?»

«አንድ ቃል ነው! ማንን ይጎዳል? የሞተውን? የቆመውን? ማንን?»

ወንበሩን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩት።

«ከእናቱ ጎን ይተኛልኝ» አሉ። «መንገድ ዳር አውጥቼ አልጥለውም። እባክሽ።»

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። እሳቸው አዝዘው ነው የሚያውቁት። እባክሽ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ በሰው ፊት አነሣሁት። ያነሣሁት ግን ላሳጣዎት አይደለም። ወንድምዎን ምን ያህል እንደሚወዱት ይህ ሁሉ ሰው እንዲያውቅ ነው።

አንድ ቃል። እስቲ ይህን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ማን እንደሞተብን ልንገራችሁ።

የስፌት መኪና መካኒክ ነበር። ሥራ ቦታ በስሙ የጠራው ሰው አላስታውስም። እኛ ሴቶቹ ጋሽ እኔንጃ ነበር የምንለው። ለምን መሰላችሁ? መኪናው ለምን ቆመ ስትሉት፣ ከፍቶ ሳያይ አይናገርም። «እኔ እንጃ። ይከፈትና ይታያል» ይላችኋል። ዛሬ ይዘንባል? እኔ እንጃ። ጭማሪው ይመጣል? እኔ እንጃ። አንድ ቀን አንዷ ልታገባው ያሰበችውን ልጅ በር ላይ አሳየችውና «ጋሽዬ፣ ይሄ ይሆነኛል ትላለህ?» አለችው። ገና አፉን ሳይከፍት፣ ሌላዋ ከኋላ «ይከፈትና ይታያል!» ብላ ረድፉን በሙሉ በሳቅ ገደለችው። እሱም መፍቻውን እንደያዘ መሬት ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ፈጣሪ አለ ወይ ስንለውም መልሱ ያው ነበር። «እኔ እንጃ።»

«እንዴት እኔ እንጃ ይባላል? ወይ አለ በል፣ ወይ የለም በል!»

«ያላየሁትን አለ አልልም። የለምም አልልም። ከፍቼ አላየሁማ።»

በዚህ የሚስቁ ነበሩ። በዚህ የሚጸየፉትም ነበሩ። ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆዋን ከእሱ ብርጭቆ የምታርቅ ሴት ነበረች። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም አርቅ ነበር።

የስፌት ቤታችንን የማታውቁ ሰዎች፣ እስቲ ከእኔ ጋር ግቡ። ረጅም ክፍል ነው። መኪኖቹ በረድፍ ተደርድረዋል። የጨርቁ ብናኝ ቅንድባችን ላይ ያርፋል። ጩኸቱ ከማየሉ የተነሣ የምንግባባው ከንፈር እያየን ነው። በየመኪናው መርፌ ፊት አንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት ትታሰራለች። ጣት ጨርቁን ተከትሎ መርፌ ሥር እንዳይገባ የምትከለክለው እሷ ናት። መካኒክ መኪናውን ሲጠግን ቀለበቷን ይፈታታል፤ ሲጨርስ መልሶ ያስራታል። ያለሷ ሥራው ይፈጥናል። ስለዚህ አንዳንድ ልጆች አለቃ ዞር ሲል ፈተው ይሠሩ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም አድርገነዋል።

አንድ ቀን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጩኸት ሰማን። መርፌው የአንዲትን ልጅ አመልካች ጣት በስቶ ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷል። ቀለበቷ ቦታዋ ላይ የለችም።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ መጡ። በየማለዳው ሥራ ሳንጀምር ጸሎት የሚያስደርጉን ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚህ አትጠርጥሩኝ። ልጅቷን ራሳቸው በመኪናቸው ሐኪም ቤት አደረሷት። ጣቷ በፋሻ ታስሮላት ስትመለስ ግን ፍርዱ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። «ቀለበቷን ፈተሽ ስትሠሪ ነው። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ልጅቷም አመነች! ይህን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው። ራሷ አመነች። እያለቀሰች «ሳልፈታት አልቀረሁም፤ ረስቼው ነው» አለች። ጉዳዩ አለቀ። የሚከራከር የለም። ያየ የለም። የሚጠይቅ የለም።

ያኔ ጋሽ እኔንጃ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሣ። መፍቻውን አስቀመጠ። መጥቶ ፊታቸው ቆመ። እጁን ኪሱ ከተተና ቀለበቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ጠዋት ስጠግን እኔ ፈታኋት። መልሼ አላሰርኳትም። ኪሴ ውስጥ ነው የዋለችው።»

ሥራ አስኪያጁ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንተ ሰው፣ ማን ጠየቀህ?» አሉት።

«ማንም።»

ያጨበጨበለት ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ። ልጅቷ በደህናው እጇ በጥፊ አጮለችው። «ራሴን ስረግም ዋልኩ እኮ! ራሴን!» አለችው። «ይገባኛል» አለ። እሷ ሥራዋ ላይ ቆየች፤ እሱ በዚያው ሳምንት ተባረረ። በዕቃ የተሞላ ቦርሳውን አንግቶ ከቤት ቤት እየዞረ የስፌት መኪና መጠገን ጀመረ።

ያቺ ልጅ ዛሬ እዚህ አለች። የልጆች እናት ሆናለች። ጣቷ እስከ አሁን አይታጠፍም። ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ ከፊት በኩል በዚያው እጇ ይዛ ያመጣችው እሷ ናት። አታልቅሺ እህቴ። ቀና በዪ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ያን ቀን ማን አየው? ማን ያዘው? ምን አስፈራው? እኛ ሰማይ ያየናል ብለን ስንት ጊዜ እጃችንን ሰብስበናል። እሱ ማንም የሚያየው አይመስለውም ነበር። ታዲያ እጁን ወደ ኪሱ ምን ላከው?

እኔ አማኝ ነኝ። አባታችን ያውቁኛል። ይህን የምጠይቀው እምነቴ ስለላላ አይደለም። ጥያቄው ቤቴ ድረስ መጥቶ ወንበር ስቦ ስለተቀመጠ ነው።

እንዴት መጣ? የቤት ስፌት መኪናዬ ተበላሸና አስጠራሁት። እናቴ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ነበረች። ዓይኗ በእርጅና ጠፍቷል። ባሌ በሕይወት ሳለ ከራት በኋላ ቅዱሱን መጽሐፍ የሚያነብላት እሱ ነበር። እሱ ሲያልፍ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቀረ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

ጋሽ እኔንጃ መኪናዬን ፈትቶ ጎንበስ ብሎ ለብቻው ያወራል። እናቴ ከአልጋዋ ሰማችው።

«ማነው እሱ?»

«መካኒክ ነው እማዬ።»

«ድምፁ ደስ ይላል። አንተ፣ ማንበብ ትችላለህ?»

«እችላለሁ እማማ።»

«እንግዲያው እጅህን ታጠብና ያን መጽሐፍ አውርደህ አንብብልኝ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አላምንበትም።»

«እመን መች አልኩህ? አንብብ ነው ያልኩህ!»

ታጥቦ መጥቶ አነበበ። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣ። ከዚያም መምጣት ልማዱ ሆነ። ሲያነብ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ነበር። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ አጠገቡ እቀመጥና ያን ጣት በዓይኔ እከተል ነበር። ዛሬ መጽሐፍ ገልጬ የማነበው ከዚያ ጣት ሥር በለቀምኩት ፊደል ነው።

ጎረቤት ዝም አላለም። «ያ ከሃዲ ምን እያለ እንደሚያነብላት ማን ያውቃል? ቀይሮ ቢያነብስ? ቀንሶ ቢያነብስ?» ተባለ። እውነት ነው፣ ማን ያርመዋል? አንዷ ዓይን የላት። ሌላዋ ፊደል የላት። እኔም ውስጥ ውስጡን ጠረጠርኩ። እናቴም ጠርጥራ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅኩት።

አንድ ቀን እያነበበ ሄዶ ሄዶ፣ የማያምኑ ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን ከሚናገረው ቦታ ደረሰ። እናቴ ቦታውን ታውቀዋለች። አሳላት። ሳሉ የውሸት ነበር።

«ይህን ዝለለው ልጄ።»

«ለምን እማማ?»

«እንዲሁ። ደክሞኛል።»

«ከደከመሽ እንተወው። ካልደከመሽ ግን ተጽፏል እኮ።»

«ላንተ ብዬ ነው፣ አንተ ደረቅ!»

«ለእኔ ብለሽ መጽሐፍሽን አታጉድዪ።»

አነበበው። ድምፁን አልቀነሰም። አላፌዘበትም። ስለ ራሱ የተጻፈውን ፍርድ፣ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ የሚያነበውን በሚያነብበት ድምፅ እስከ መጨረሻው አነበበው። እኔ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካሁ ቀረሁ።

«እህ?» አለች እናቴ። «እንዴት አገኘኸው?»

«አጻጻፉ ጥሩ ነው። ለእኔ ቢጤ ግን ብዙ ተስፋ አይሰጥም።»

እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን እጁን ፈልጋ ያዘችውና ቆጣ አለች። «ስማ። ይህን ቀጥ ያለ ልብ ማን የሰጠህ ይመስልሃል? እሱ ነው የሰጠህ። አንተ ሳታመሰግነው ትጠቀምበታለህ።»

«ሊሆን ይችላል እማማ» አለ። «እኔ እንጃ።»

ሊሆን ይችላል። እኔም እንደ እናቴ ነው የማስበው። አባታችንም እንዲህ ይሉናል፤ እቀበላለሁ። ግን ውኃው ከየት እንደመነጨ ያላወቀ ሰው ውኃ አይጠጣም አልልም። ሌላውንም ያጠጣ ይሆናል።

ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁት። ያን የቀለበት ነገር አነሣሁበት። «ጋሽ እኔንጃ፣ የሚያይህ ከሌለ ለምን ተናገርክ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጣቱ እኮ የልጅቷ ነው።» ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። «አንቺስ? ሰማይ ባዶ ነው ብለው ቢነግሩሽ፣ ልጅቷን ታስባርሪያት ነበር?»

«በጭራሽ!» አልኩት። ግን ወዲያው አልነበረም። ከመመለሴ በፊት ትንሽ ዝም ብያለሁ። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ሄደ። እኔ ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ስንቶቻችሁ ወዲያው ትመልሱ ነበር? አትንገሩኝ። ለራሳችሁ ያዙት።

አሁን ወደዚያ ቃል ልመለስ።

እናቴ የምትሄድበት ጊዜ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሽ እኔንጃ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጸሎቷን አደረሰች። ስትጨርስ ፊቷን ወደ ድምፁ አቅጣጫ መለሰች።

«ልጄ፣ ዛሬ አብረኸኝ አሜን በል። አንድ ቃል ነው።»

ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ።

«እማማ፣ እጅሽን ልያዝልሽ?»

«እጄን ምን ያደርግልኛል! አሜን በልልኝ!»

«አልችልም እማማ።»

«አንዲት ቃል ሰሰትክብኝ?»

እኔ ተነሣሁ። «አንተ ድንጋይ! ለምትሞት ሴት አንድ ቃል? ምን ይጎልብሃል? ውጣ ከቤቴ!» አልኩት። መጽሐፉን ቀስ ብሎ አልጋዋ ላይ አስቀመጠ። ተነሣ። ራሱን አልተከላከለም። በሩን ሊከፍት እጀታውን ያዘ።

ያኔ እናቴ ተናገረች። ከዚያ ደካማ ደረት ያ ድምፅ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ተዪው! አይወጣም!»

ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስሞት እንኳ ያልዋሸኝ ሰው ነው። እንግዲያው ያነበበልኝ ሁሉ እንደተጻፈው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠራጠር ነበር እኮ! አሁን አረፍኩ። ና ቁጭ በል ልጄ። ካቆምክበት ቀጥል።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። እናቴ ያን ድምፅ እየሰማች ነው የሄደችው።

ገባችሁ? አሜን ቢላት ኖሮ ያቺን አንዲት ቃል ትወስድ ነበር። ያነበበላትን ሁሉ ግን ታጣ ነበር።

ይህን ስናገር መልአክ ላደርግላችሁ እየሞከርኩ አይደለም። መልአክ አልነበረም። ደረቅ ነበር። አባታቸው የሞቱ ጊዜ፣ ጋሼና ቤተ ዘመዱ ሁሉ ጸሎት ቤት ሲገቡ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዝናብ ነበር። ጥላ እንኳ አልያዘም። ጋሼ ያን ቀን አባታቸውን ብቻ ሳይሆን ወንድማቸውንም የቀበሩ ያህል ተሰምቷቸው እንደነበር ነግረውኛል። እኔም ለእሱ ነግሬዋለሁ። «ከንፈርህን ሳታንቀሳቅስ ከወንድምህ ጎን መቆም ትችል ነበር» ብዬዋለሁ። «እውነትሽን ነው፤ መግባት ነበረብኝ» አለኝ። ለጋሼ ግን አልነገራቸውም። ይህ ጥፋቱ ነው። ጋሼ፣ አሁን እኔ ነገርኩዎት።

ሲታመም አብረውት የነበሩት እነማን ነበሩ? እኔ፣ ያቺ ባለ ጣት እህታችን፣ እና ጋሼ። ጋሼ በየቀኑ ይመጣሉ። ያጥቡታል። ይላጩታል። አንሶላውን ይለውጡለታል። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል። እሱ ሬዲዮውን ይዘጋል። ዓይኑን ገልጦ ይሰማል። በመጨረሻ ጋሼ ቆም ይላሉ። ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ክፍሉ ውስጥ ሦስታችንም ያቺን ቃል እንጠብቃለን። አትመጣም። ጋሼ ኮታቸውን ይለብሳሉ። «ነገ እመጣለሁ» ይላሉ። ነገም ይመጣሉ።

ወገኖቼ፣ እዚህ መሬት ላይ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቆሜ ተናግሬያለሁ። ባሌን የቀበርን ዕለት ነው። ያን ቀን የተናገርኩት ያማረ ነበር። ሰው ሁሉ ወደደው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ግንብ በኩል ሳልፍ ዓይኔን ቀና አላደርግም። ከዚህ በላይ አልልም። ዛሬ እንደዚያ ያማረ ውሸት ከእኔ አትጠብቁ።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይኸው።

አልተመለሰም። አጠገቡ ነበርኩ፤ ሲመለስ አላየሁም። ከፈጣሪ ጋር በልቡ የተነጋገረው ነገር ካለ እኔ አልሰማሁም። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።

አትንጫጩ። እባካችሁ። አልጨረስኩም። አባታችን፣ መጽሐፉን ገና አይዝጉት።

ደንቡን አውቃለሁ። ደንቡን ጣሱ አልላችሁም። ሳልዋሽ ቦታ የማገኝለት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ከባሌ ጎን ለእኔ የተያዘ ቦታ አለ። የእኔ ነው። ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ሽማግሌዎቻችን ይህም በደንቡ አይፈቀድም ካሉ፣ እንግዲያው ከግንቡ ውጭ ሁለት ጉድጓድ አስቡ። የእኔ ቀን ሲደርስ ከእሱ ጎን ድንጋዩ ላይ አስተኙኝ። እምነቴን ይዤ ነው የምተኛው። ያን ጊዜ እኔን ከግንቡ ውጭ ያያችሁኝ ሰዎች፣ ፈጣሪ ግንቡን ያየው እንደሆነ ትጠይቁልኛላችሁ።

አሁን የቀረኝ የጋሼ ነው። አደራ ስለሆነ እዚህ እናገረዋለሁ።

ጋሼ፣ የመጨረሻዋ ቀን ጸልየው ኮትዎን ሳይለብሱ ሐኪሙን ሊጠሩ ወጡ። በሩ ሲዘጋ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

«ወንድሜ ደከመ» አለኝ።

«ደክሟል» አልኩት።

«ሲጸልይ ድምፁ ቁርጥ የወላጅ አባታችንን ነው። እንዳያቋርጥ ንገሪው። ደስ ይለኛል።»

ተናደድኩ። በሚሞት ሰው ተናደድኩ። «ደስ ካለህ ታዲያ አንዴ አሜን ብትለው ምን ነበረበት? ቆሞ እየጠበቀህ!»

ትንፋሹ አልበቃውም። ጠበቅኩት።

«ካልኩት ያምነኛል» አለ። «ወንድሜ እኮ ያምነኛል።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ሰማችሁ? ሰሙ ጋሼ? ቃሏን የነፈገዎት ንቆዎት አይደለም። እርስዎ ስለሚያምኑት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ማንም ባያየው እንኳ፣ የሚያምነው ሰው ነበረ። ያ መታመን ነው ያን ያህል የከበደው። ያቺን ቀለበት ያወጣውን እጅ ወደ ኪሱ ምን እንደላከው ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷም አምናው ነበርና ነው መኪናው ላይ የተቀመጠችው። እናቴም አምናው ነበርና ነው የሰማችው። ዛሬ እኔ በእሱ ስም ለወንድሙ ብዋሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለወንድሙ ያልሰጠውን ያን አንድ ውሸት እኔ ሰጠሁበት ማለት ነው። እኔ ይህን አላደርገውም። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ።

ምን አሉ ጋሼ?

ሰው አልሰማዎትም። እኔም በደንብ አልሰማሁም። ይድገሙት።

«ከእናታችን ጎን» ነው ያሉት። ሁላችሁም ሰማችሁ።

አባታችን? ... አባታችን ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። መጽሐፉም ክፍት ነው። ሽማግሌዎቻችን፣ የምትሉት ካለ ይኸው ጊዜው ነው። ... እሺ። ዝም ብላችኋል። የዛሬዋን ዝምታችሁን እወስዳታለሁ።

ገመዱን የያዛችሁ ልጆች፣ በደንብ ያዙ። ጋሼ፣ እርስዎ ከራስጌው በኩል። እህቴ፣ አንቺም በዚያ እጅሽ።

ጋሽ እኔንጃ፣ ጓደኛዬ፣ ፊደሌ። ወዴት እንደሄድክ ሰዎች ይጠይቁኛል። ተስፋ የማደርገውን አውቃለሁ፤ እናቴ ቀድማህ ሄዳ ወንበር ይዛልህ ከሆነ፣ ያኔ ካቆምክበት ቀጥል እንደምትልህም አውቃለሁ። ከዚያ አልፈው አየሽ ወይ ካሉኝ ግን ያንተን መልስ እመልስላቸዋለሁ። ከአንተ የተማርኩት ፊደል ብቻ አይደለም።

ደህና ሁን። ከእናትህ ጎን ተኛ። ወንድምህ ይጸልይልሃል፣ እኛም አሜን እንላለን። አንተ እንደለመድከው ዝም ብለህ ስማ። ማንም ቆሞ አይጠብቅህም።

ጋሼ፣ እንዳያቋርጡ ብሏል። ይጀምሩ።